የኋላ ቀኝ ጎማ

ነቀምት፣ ሮብ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ተክለጻድቅ፣ ጅማ ላለኸው፣

ጋሼ የኔ መከታ፣ እንዴት ነህ፣ ሚስትህስ፣ ሕፃኑስ ጥርስ አበቀለ ወይ፣ ጋራዡስ እጅህን አላቆሰለህም? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ስለሚባል ነው፣ ቆይ እነግርሃለሁ። ፊደሉ ከተጣመመ ይቅር በለኝ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ጽሕፈት ነው፣ ደሞ ቶሎ መጨረስ አለብኝ። የምጽፍልህ በቀለች ቤት ቁጭ ብዬ ነው፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን። ለባሌ ሚካኤልን ልሳለም ብዬው ወጣሁ፣ እሱ የሚሽን ሰው ስለሆነ የኛ ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ አያውቅም። ውጭው ሁሉ ጭስ ነው፣ ሰዉ የኅዳርን ጉድፍ በየበሩ እያቃጠለ። በቀለች ማሽኗን እየረገጠች «ለወንድምሽ ነው ወይስ ለወዳጅ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ልስቅላት እሞክራለሁ።

እማዬ በሕይወት አለች። አንተን ግን ተቀይማሃለች። ጥፋቱ ያንተ አይደለም የኔ ነው፣ ይህንኑ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት፣ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩህ ክፉ ነሽ ትለኛለህ። ከመጀመሪያው ብነግርህም ትለኝ ይሆናል።

ጋሼ፣ ዋጋሪ ጆሮው አይሰማም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አባባ ሞቶ ተዝካሩ ሳይወጣ ሽማግሌ ሲልክ የሹፌር ልጅ ለሹፌር ብለህ እሺ ያልከው ሰውዬ፣ ያኔም አይሰማም ነበር። ያ የጭነት መኪና ሞተሩ አስራ አምስት ዓመት ጆሮው ስር ጮኾበት ደነቆረ። ሰው መንገድ ላይ «አካም ጅርታ ዋጋሪ» ሲለው አይመልስም፣ ሰዉ መኪና ገዛና ኮራ ይለዋል። እሱም ኩሩ ይበሉኝ ይላል፣ ደንቆሮ ከሚሉኝ። ትራፊክ ካወቀ መንጃ ፈቃዱን ይቀማዋል፣ ጭነት የሚሰጠውም አይኖር። እኔ ስናገረው አፌን እያየ ነው የሚገባው፣ ሌላ ሰው ሲያወራው እኔ ከጎኑ ቆሜ ደግሜ እለዋለሁ፣ ሰው ግን ባሏን የምትወድ ይመስለዋል።

ለምን እንዳገባኝ ያወቅኩት በተጋባን በሳምንቱ ነው። ጠዋት እጄን ይዞ ግቢ አወጣኝና ጎማው አጠገብ አቆመኝ። «የአባትሽን ጆሮ ወርሰሻል ይላሉ» አለኝ። ትዝ ይልህ የለ፣ አባባ መኪናውን አስር እርምጃ ነድቶ ፍሬን ሲይዝ እኛ ጎማው ስር ቁጢጥ ብለን፣ «ምን አለ?» ሲለን፣ አንተ ቀድመህ ስትመልስ እኔ ሳለቅስ። ጠዋት ሲጢጥ ብሎ ሁለት ሦስቴ ሲያዝ የሚጠፋው የጤዛ ዝገት ነው ተወው። ቀኑን ሙሉ ሲጢጥ የሚለው አቧራ ነው፣ ከፍተህ ጥረገው። ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ ሽው የሚለው የፍሬኑ ታምቡር ክብነቱ ስለጠፋ ነው። ቢላ በድንጋይ ሲሳል የሚመስለው ግን የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ብረት እየበላ ነው፣ ያኔ ጃንሆይም ቢሳፈሩበት ይቁም ይል ነበር። ይኸው እሱን ትምህርት ነው ዋጋሪ ያገባው።

በየጠዋቱ እሱ መሪው ላይ ይቀመጣል፣ እኔ እቆማለሁ፣ ትንሽ ይነዳና ይይዛል፣ በመስታወቱ ያየኛል። ድምፅ ካለ እጄን አነሳለሁ። ከሌለ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ፣ ንጹህ ነው ማለት ነው። ደስ ሲለው ጉራ ኮ ይለኛል፣ ጆሮዬ እያለ።

መስከረም ላይ ግን ተሳሳትኩ። ዝናቡ ገና አልወጣም ነበር፣ ሲጢጥ ሲል ሰማሁና ጤዛ ይሁን ሌላ ሳልለይ ፈርቼ እጄን አነሳሁ። ጎማውን አወጣ፣ ከፈተ፣ ምንም የለም። የቀኑ ጭነት ለሌላ ሰው ሄደ። በጥፊ አለኝ፣ ግራ ጆሮዬን። በሌላኛው ሳምንት እንደገና ፈርቼ አነሳሁ፣ ምንም የለም፣ እንደገና ያንኑ ጆሮ። በሦስተኛው ከመኪናው ጎን ወደቅኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ድስት የሚፈላ ይመስላል፣ አያቆምም፣ አሁን ስጽፍልህም እየፈላ ነው። ጉራ ኮ እያለ ጆሮውን መታው። ለእማዬ ነግሬያት ነበር። «ሹፌር ሲደክመው እንዲያ ነው፣ አባትሽም እጁ አያርፍም ነበር» አለችኝ። አባባ መቷት ያውቃል ጋሼ? አንተ ታስታውሳለህ? እኔ አላስታውስም።

ያለፈው ቅዳሜ ወደ አርጆ ገበያ ሊወርድ አስራ አንድ ተሳፋሪ በር ላይ ቆሟል። ግቢ ውስጥ ነዳና ያዘ። የፊት ግራ፣ ክርርር፣ እንደገና ክርርር። ሰማሁት። በደህናው ጆሮዬ ሰማሁት። በመስታወቱ አየኝ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ጥፊውን ፈርቼ ነው። የሚጮኸው ጆሮዬ ነው እንጂ መኪናው አይደለም ብዬ ነው። አስራ አንዱን ሰው ያሰብኳቸው በኋላ ነው። እሱን ግን አስቤዋለሁ።

ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። በክሪክ አነሳው፣ ጎማውን ፈታ፣ ታምቡሩን አወጣ፣ ከውስጥ ባቄላ የምታህል ጠጠር አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ትኩስ ነበረች።

«እኔ ነኝ የከተትኳት፣ ትናንት» አለኝ። «ደንቆሮ ሰው ሚስቱን መፈተን አለበት። ቁልቁለት ልትልኪኝ ነበር አይደል፣ ጉራ ኮ?»

አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ በሩ ሄዶ «አንድ ጊዜ ታገሱኝ፣ ጠጠር ገብቶ ነው» አላቸው፣ ጎማውን መልሶ አሰረና ይዟቸው ሄደ። ደህና ደርሰው ተመለሱ።

እሁድ ከጸሎቱ ሲወጣ ስኳር ገዝቶ እማዬ ቤት ሄደ። እኔንም አስከተለኝ። «አዮ፣ ሐሙስ ኑግ ጭኜ ጅማ ልሄድ ነው፣ እርስዎንና ልጅዎን ልውሰዳችሁ እንዴ? ተክለጻድቅን አያዩትም? የልጅ ልጅዎን አያቅፉም?» አላት። ጋሼ ብታያት። ካየችህ አራት ዓመት እኮ ነው። ጉልበቱን ልትስም ተነሳች፣ እሱ ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት፣ «ኧረ አዮ፣ እናቴ አይደሉም?» እያለ። ወዲያው መቁጠር ጀመረች፣ ዓርብ እንደርሳለን፣ ጾሙ ቅዳሜ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ቅቤው ለገና ይቀመጥለታል ብላ። አንጮቴ ቆፈረች፣ ጅማ አይገኝም ብላ። በቀለችን ለሕፃኑ ሸሚዝ አሰፋቻት።

ስንመለስ መንገድ ላይ ወደ ፊቱ ዞሬ «ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ቅዳሜ ካንቺ ወገን የሚሳፈር ስላልነበረ ጆሮሽ ተዘጋ። እናትሽ መሃላችን ከተቀመጡ ይከፈታል» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም የተናገረው፣ መድኃኒት እንዳገኘ ሰው ነው።

ሰኞ አኖ ሄዶ ኑጉን ጭኖ መጣ፣ አርባ ኩንታል። ግቢ ሲገባ ሲይዘው ሰማሁ። የኋላ ቀኝ። ቢላ በድንጋይ። በመጀመሪያ የራሴ ጆሮ ነው አልኩ። ከዚያ ወደ ጥላው ሲያስጠጋው የመጥረጊያውን እንጨት አንሥቼ፣ አባባ እንደሚያደርገው፣ አንዱን ጫፍ ጎማው ኋላ ያለው ብረት ላይ አንዱን ቀኝ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እየተራመድኩ ሰማሁ። የግራ ጆሮዬ መኪና ቆሞም ይፈላል፣ ይሄኛው ግን ጎማው ሲቆም ይቆማል። ስለዚህ የኔ አይደለም፣ የመኪናው ነው። እሱ እጁን ሲታጠብ ጣቴን በምራቄ አርሼ ታምቡሩን ነካሁት፣ ግራው ሞቅ ያለ ነው፣ ቀኙ ቸስ አለና ምራቄ ፈላ። ጎማው ላይ ጥቁር ዱቄት አለ፣ ጠርጌ ወደ ፀሐይ ሳየው ያብረቀርቃል። አቧራ አያብረቀርቅም አይደል?

አንተ ባለሙያ ነህና ልጠይቅህ። ሸራውን የያዘው ምስማር ነው አይደል አሁን ታምቡሩን የሚበላው? እንደዚህ ሆኖ አርባ ኩንታል ይዞ ከአርጆ ወዲያ ያለውን የዲዴሳን ቁልቁለት ይችላል? እስከ ድልድዩ ድረስ? ሦስቱ ጎማ ደህና ከሆነ አንዱ ቢቀር ይይዛል? መልስህ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ፣ መጠየቁ ግን አንተ አጠገቤ ቁጢጥ ያልክ ያስመስልልኛል።

ወዲያው ነገርኩት። ይህን ዕወቅልኝ፣ በዚያኑ ሰዓት ነገርኩት። ፊት ለፊቱ ቆሜ ቀስ እያልኩ፣ «የኋላ ቀኝ። ብረት ብረት እየበላ ነው» አልኩት።

የጎረሰውን አላምጦ እስኪጨርስ አየኝ።

«ቅዳሜ እያለ የለም አልሽ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ዛሬስ ማንን ፈርተሽ ነው አለ የምትዪው?»

«እውነቴን ነው፣ ምራቄ ፈላበት፣ መጥተህ ንካው።»

«አርባ ኩንታል ተሸክሞ ከአኖ የመጣ ፍሬን ምን ይሁን ነው የምትዪ፣ ይቀዝቅዝ?» ሳቀ። «እናትሽን ልታስቀሪ ነው። ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ የደነቆረው ጆሮዬ ነው እንጂ ራሴ አይደለም።»

«እባክህ ክፈተው።»

«የኋላው እንደ ፊቱ ነው? ጭነቱ ይራገፋል፣ ዘንጉ ይወጣል፣ ሁለት ቀን። ሦስቴ ከፈትኩልሽ፣ ምን አገኘሁ?»

«እንግዲያው እማዬ ትቅር።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ። አንቺ ብትቀሪ እሳቸውን ብቻቸውን እወስዳለሁ።»

ሽሺ ትለኝ ይሆናል። እኔም አስቤዋለሁ፣ ግን ይኸው ሰማህ።

ማክሰኞ እማዬ ጋ ሮጥኩ። ቅቤውን በቅል አድርጋ አፉን በጨርቅ እያሰረች ነበር።

«እማዬ፣ መኪናው ፍሬኑ ታሟል፣ ሌላ ጊዜ ትሄጃለሽ» አልኳት።

«የአባትሽም ጠዋት ጠዋት ያቃስት ነበር፣ አንድ ቀን ጥሎን አያውቅም።»

«ይሄ ሌላ ነው፣ ይሄ የሚገድል ነው።»

«አፍሽን ቁረጭ፣ መንገደኛ ፊት እንዲህ ይባላል?» አለችኝ። ከዚያ ቅሉን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። «ወሰኔ፣ ምን አድርጌሽ ነው? የሰው ልጅ በገዛ እግሩ መጥቶ ልውሰድዎ ሲለኝ የወለድኩሽ ትከለክይኛለሽ? በወንድምሽ ቀናሽ እንዴ?»

ማልኩላት፣ ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። «ልሞትም ከሆነ አይቼው ልሙት» አለች። እንደምታውቃት ነው፣ አንዴ ካለች አለች።

እንግዲህ ጋሼ እዚህ ጋ ስትደርስ ተቀመጥ።

ያንተ የጥቅምቱ ደብዳቤ ትራሷ ስር ነው የሚቀመጠው፣ ታውቃለህ ፊደል እንደማታውቅ፣ እኔ ነኝ ሁልጊዜ የማነብላት፣ ስሄድ ስመጣ ደግመሽ አንብቢልኝ ትለኛለች። ትናንት እንቢ ስትለኝ «ከሱ አዲስ ደብዳቤ መጥቷል፣ አልነግርሽም ብዬ ነበር» አልኳት። ያንኑ አሮጌውን ከብብቴ አወጣሁ፣ ከትራሷ ስር አንሥቼው ነበር። እጄ ላይ ባለው ወረቀት የተጻፈው «እማዬ ናፍቀሽኛል፣ ልጄን ታቅፈሽ ባይሽ ሌላ ምንም አልፈልግም» ነው። እያየሁት ያነበብኩላት ሌላ ነው። እንዳትመጪ አልኩላት። እዚህ የምኖረው ከትልልቅ ሰው ጋር ነው አልኩላት። የሚስቴ ዘመዶች የእግርሽን ነገር አያውቁም፣ ቢያዩት ልጁም ይወርሰዋል ብለው ይሸሹናል፣ ስለዚህ እማዬ ባለሽበት ኑሪልኝ፣ አልኩላት። ባንተ ድምፅ ነው ያነበብኩት፣ አንተ እንደምትናገረው ቀስ እያልኩ።

እግሯ ብሶባታል ጋሼ። እብጠቱ ወደ ጉልበቷ እየወጣ ነው። ገበያ ስትሄድ ሰዎች ከጎኗ ፈቀቅ ይላሉ፣ እሷ ግን «ልጄ አይጸየፈኝም፣ ሕፃን ሆኖ እዚህ እግሬ ላይ ነው የተኛው» ትላለች ለሰው ሁሉ። ከዚህ ሌላ የሚያስቀራት ነገር ፈልጌ አጣሁ። ያለኝ አንድ ቢላ ይኸው ነገር ነበር።

አላለቀሰችም። ቀሚሷን ጎትታ እግሯን ሸፈነች። «ደግመሽ አንብቢልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። በመጀመሪያው ያልኩትን እንዳልስት እየተጠነቀቅኩ ቃል በቃል ደገምኩላት።

«ጫማ ባደርግስ?» አለችኝ። «ሚሽኖቹ ጋ ትልቅ ጫማ የሚሰፋ አለ ይባላል።»

«ስለ ጫማ የጻፈው የለም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ አንጮቴውን ተሸክማ ጓሮ ሄደች፣ አንድ በአንድ መልሳ አፈር አለበሰችው። ሸሚዙን በኔው እጅ ለበቀለች መልሳ ላከች፣ ለሌላ ሰው ልጅ ሽጪው በያት ብላ። ይኸው ፊት ለፊቴ ማሽኑ ላይ ተቀምጧል፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አለው። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝና «አልረግመውም፣ ማኅፀኔ ነው። ስሙን ግን ቤቴ ውስጥ እንዳታነሺ» አለችኝ። እኔን ሳመችኝ። እኔን።

ለዋጋሪ ታመመች አልኩት። «ታዲያ አንቺ አልታመምሽም» አለ። ብቀርበት መታመሟን ሊያጣራ እማዬ ደጅ ይሄዳል። ነገ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ከሰማሽ ጉልበቴን ምቺ፣ ማርሹን እቀንሳለሁ፣ ብሎኛል። ጆሮ ከሰማው አደጋው የሚያልፍ ይመስለዋል። እማዬ መሃላችን ብትቀመጥ ገና ከአርጆ ሳንወጣ ጉልበቱን እመታው ነበር። አሁን ግን መሃላችን የሚቀመጥ የለም፣ እጄ የት እንደሚሆን እኔም እንጃ።

ይህን ደብዳቤ በቀለች ቅዳሜ ፖስታ ቤት ትከተዋለች፣ ምን እንዳለበት አልነገርኳትም። ዓርብ ጅማ ከገባን እኔው ራሴ ጋራዥህ መጥቼ በአፌ እነግርሃለሁ፣ ትቆጣኛለህ፣ ከዚያ አብረን ተመልሰን እግሯ ላይ እንወድቃለን። ዓርብ ካላየኸኝ፣ ቅዳሜም ካላየኸኝ፣ ደብዳቤው ግን ከደረሰህ፣ ሥራህን ጥለህ ና። ሚስትህንም ሕፃኑንም ይዘህ ና። መጀመሪያ ምንም ሳትናገር ውሃ አሙቅና እግሯን እጠብላት፣ ሰው እያየ፣ በሩ ክፍት ሆኖ። ከዚያ ወሰኔ ዋሽታ ነው በላት። ለምን እንደዋሸሁ ሁሉንም አትንገራት፣ የጠጠሯን ነገር ተወው፣ ለመንገዱ ፈርታልሽ ነው ብቻ በላት። ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስቀምጥላት።

አደራህን ራስህ ና እንጂ ደብዳቤ አትጻፍላት። የማነብላት እኔ ነበርኩ።

ሚካኤል በክንፉ ሥር ያኑርህ፣ እጅህ ከብረት ጋር ውሎ ደህና ይግባ፣ ልጅህ ጠዋሪ ቀባሪ ይሁንህ፣ እህት ስጠኝ ብሎ የሚያለቅስ ቢሆን እህት ይስጠው። በቀለች ቅዳሴ ወጥቷል ሰው እየተመለሰ ነው እያለችኝ ነው፣ ልሂድ።

እህትህ ወሰኔ